የወንበር ታሪክ፤ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ሸዋ ሮቢት



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው የወንበር ነገር ነው። ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ብቻ ነው ብሎ ለለመደ ሰው፥ ወንበርና ጠረጴዛ ከታሪክ የሚቈጠሩ አይመስሉትም ይሆናል። ነገር ግን የራሳችን ቋንቋ ይመሰክርብናል። መንግሥት የሚተካውን ልዑል አባቶቻችን አልጋ ወራሽ ብለው ጠሩት። መምህር ተማሪ ሰብስቦ ማስተማር ሲጀምር ወንበር ተከለ ይባላል። ሹመቱን የተነጠቀውንም ሰው ከወንበሩ ወረደ እንለዋለን። እንዲህ ያለው አነጋገር በከንቱ የተፈጠረ አይደለም።

ባሁኑ ጊዜ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በሌላ ከተማ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጎጆ ሊወጣ ባሰበ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አናጢ ቤት ላይሆን ይችላል። ማታ ከራት በኋላ የእጅ ስልኩን ያነሣና በቴሌግራምና በፌስቡክ ገበያ የተዘረጋውን ሶፋ፥ ብፌና የምግብ ጠረጴዛ ይመለከታል። ከሚያያቸውም መካከል አንዱ ዓይነት ዓይኑን ይስበዋል፤ ይኸውም እግሩ ቀጭንና ወደ ውጭ ዘመም ያለ፥ ጌጥ ያልበዛበት፥ የእንጨቱ መልክ በግልጽ የሚታይ፥ ከወለሉም ከፍ ብሎ የቆመ ዕቃ ነው። ሻጩ ሞደርን ይለዋል። ንግዱን ጠንቅቆ የሚያውቀው ደግሞ ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ያክልበታል፤ የሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ዘመናዊ ሥራ ማለት ነው። እንግዲህ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ይህ መልክ፥ የገዢው አያት በጽሕፈት ቤት ተቀምጠውበት ከነበረው ወንበር የተወለደ መሆኑን ሻጩም ገዢውም ብዙ ጊዜ አያስታውሱትም። የዛሬው ንግግራችን ይህን የትውልድ ሐረግ ይከተላል። የውጭ አገሩን ዓመት በአውሮፓውያን፥ የአገራችንን ግን በራሳችን አቈጣጠር እንጠቅሳለን።

በመጀመሪያ ከዚያ በፊት ሰው በምን ላይ ይቀመጥ እንደ ነበር በአጭሩ እንይ። በገጠሩ ቤት ዋናው መቀመጫ በግድግዳ ሥር በድንጋይና በጭቃ የሚሠራው መደብ ነበር፤ በላዩም አጎዛ ወይም በቈላው አገር ከዘንባባ ቅጠል የሚታታው ሰሌን ይነጠፍበታል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በርጩማም አለ። ከሁሉ በላይ ብልኀት የሚታይበት ግን የጠፍር አልጋ ነው። አራት እግርና አራት አግዳሚ እርስ በርሳቸው በሴቴና በወንዴ ይገጣጠማሉ፤ በመካከላቸውም የበሬ ቆዳ ጠፍር እርጥብ ሳለ ይወጠራል፤ ሲደርቅም እየጠበቀ ራሱ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። አንድ ምስማር የለበትም። ጠፍሩ በረገበ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ መልሶ ይወጥረዋል። ደግሞ አልጋውን የሠራውን ሰው ገዢው በስሙ ያውቀዋል፤ በገበያም ቀን ያገኘዋል፤ ከየትኛው ዛፍ እንደ ቆረጠውም ጠይቆ መረዳት ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። ለብዙ ዘመን ጥሩ ወንበር ማለት በቅርጽ የተሞላ፥ ከባድ፥ በባለጸጋ ቤት ብቻ የሚገኝ ዕቃ ነበር። ይህን ልማድ ከሰበሩት አንዱ በኦስትሪያ መንግሥት ይሠራ የነበረው ሚካኤል ቶኔት ነው። ቶኔት የቢች ዛፍ ዘንግ በእንፋሎት እያለሰለሰ በብረት ቅርጽ ላይ ማጠፍን አወቀ። በ1859 ያወጣው 14ኛ ቍጥር የተባለው ወንበር 6 የእንጨት ክፍሎች፥ 10 ብሎኖችና 2 ዳዶዎች ብቻ ነበሩት። ወንበሩ ተፈታትቶ ይጫናል፤ ቁመቱ፥ ወርዱና ጥልቀቱ አንድ አንድ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ 36 ወንበር ይገባል፤ በደረሰበትም አገር ይገጣጠማል። በቡና ቤቶች ዘንድ በዓለም ሁሉ የተሰራጨው በውበቱ ብቻ ሳይሆን በርካሽነቱና ለማጓጓዝ በመመቸቱ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጕዳዩ ግድ ሆነ። ከተሞች ፈርሰዋል፤ ወታደሮች ተመልሰው ትዳር ይይዛሉ፤ የሚሠሩላቸው ቤቶች ጠባቦች ናቸው፤ ገንዘብም ጥቂት ነው። በአሜሪካ ቻርልስ ኢምዝና ባለቤቱ ሬይ በጦርነቱ ጊዜ ለባሕር ኃይሉ ቍስለኞች የእግር መደገፊያ ከኮምፔርሳቶ እየጠመዘዙ ይሠሩ ነበር። ኮምፔርሳቶን እንደ ሰው ገላ ማጕበጥን የተማሩት በዚያ ሥራ ነው፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ያንኑ እውቀት ወደ ወንበር አዛወሩት። በ1948 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የርካሽ የቤት ዕቃ ንድፍ ውድድር አወጀ። እባካችሁ ስሙን ልብ በሉት፤ ርካሽ የሚለው ቃል በውድድሩ ስም ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ነበር። የኢምዝ ቤተ ሰብ ወንበር ከዚያ ውድድር ተነሥቶ በ1950 በፋይበር ግላስ ተሠርቶ ለገበያ ወጣ።

በዴንማርክ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በዚያ የነበሩት ነዳፊዎች አናጢነትን አልተዉም። ሐንስ ቬግነር በ1949 የነደፈው ወንበር ጀርባው እንደ ሹካ የተከፈለ ነው፤ መቀመጫውም 120 ሜትር ያህል ርዝመት ካለው የወረቀት ገመድ በእጅ ይታታል። ቬግነር ሐሳቡን ያገኘው ከጥንታውያን የቻይና ወንበሮች ነው። የጠፍር አልጋን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ወንበር ቢያገላብጠው የሚደነቅበት አይመስለኝም፤ እንጨቱ ይሸከማል፥ የተወጠረው ይለጠጣል፥ በረገበም ጊዜ እንደ ገና ይታታል።

በስዊድን ደግሞ ኢንግቫር ካምፕራድ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በ1943 ኢኬያ የተባለውን ንግድ ጀመረ። ከ1951 ወዲህም የቤት ዕቃውን በሥዕል መጽሐፍ እያሳተመ በሩቅ ላለው ገበሬና ሠራተኛ በፖስታ ያሳይ ጀመር። በ1950ዎቹ እኩሌታ ጊሊስ ሉንድግሬን የተባለው ሠራተኛው አንድ ጠረጴዛ በመኪና አልገባ ቢለው እግሮቹን ፈትቶ ከገበታው ሥር አደረጋቸው ይባላል። ዕቃን በጠፍጣፋ ካርቶን ሸጦ ገዢው በቤቱ እንዲገጥመው ማድረግ በዚያ ኩባንያ ዘንድ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ልማድ ሆነ። ሰው ሥዕል አይቶ ያልነካውን ዕቃ ማዘዝን የተማረው በስልክ ዘመን እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ሁሉ ዕቃ በተሠራበት ጊዜ ሚድ ሴንቸሪ የሚል ስም አልነበረውም፤ ለሚገዙት ሰዎች የዘመኑ ተራ ዕቃ ነበር። ስሙ የታወቀው ካራ ግሪንበርግ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢዎች ተነሡ፤ ዋጋውም ወጣ። ለድኻ ታስቦ የተነደፈው ወንበር የባለጸጋ ዕቃ ሆነ፤ ድኻውም የወንበሩን ምስል የሚመስል ሌላ ነገር ይሸጥለት ጀመር። የታሪኩ ምጸት ይህ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጣልያን አገራችንን ወርሮ በነበረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ጊዜ የመኪና መንገድ በጣርማ በር ተራራ ዋሻ ተፈልፍሎለት ወደ ይፋት ቈላ ወረደ። ከመንገዱ ጋር ቃላትም አብረው ወረዱ። ዛሬ አናጢዎቻችን እንጨት የሚያስሩበትን ሞርሳ፥ የሚያጣብቁበትን ኮላ፥ ስስ ሆኖ የተደራረበውንም እንጨት ኮምፔርሳቶ ሲሉ፥ ቃላቱ ጣልያንኛ መሆናቸውን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ከነጻነት በኋላ ሚኒስቴሮችና የጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤቶች ሲደራጁ ብዙ ጠረጴዛ፥ ብዙ መደርደሪያ፥ ብዙ ወንበር አስፈለገ። በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የእንጨት ሥራ ይሰጥ ነበር። በአዲስ አበባ የጣልያኖች፥ የአርመኖችና የአገር ተወላጆች የእንጨት ሥራ ቤቶች ነበሩ፤ የኖርዌዮቹ ሞስቮልድም የቤት ዕቃ ይነግድ ነበር። የደረጃው ልዩነት በወንበሩ ይታወቅ እንደ ነበር አረጋውያን ሠራተኞች እየሳቁ ያወሩታል፤ ክንድ ያለው ወንበር ለአለቃ፥ ክንድ የሌለው ለጸሐፊ።

የአዲሱ መልክ ትልቁ ምስክር ግን በአዲስ አበባ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆሞ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ለዚህ የሚሆን አዳራሽ እንዲሠራ ሥራውን ለአርቱሮ ሜዜዲሚ ሰጡት። ሜዜዲሚ በጣልያን አገር በ1922 ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ወደ አስመራ የመጣ የሕንፃ ነዳፊ ነው። ሕንፃው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ተፈጽሞ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በመግቢያው ያለውን 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም መስተዋት የሠሩት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው፤ ጐብኚ ሁሉ የሚያደንቀውም እርሱን ነው፤ ተገቢም ነው።

እኛ ግን ዛሬ ዝቅ ብለን ወንበሩን እንይ። ሜዜዲሚ የነደፈው ግድግዳውንና ጣሪያውን ብቻ አልነበረም፤ ለአዳራሹ የሚሆኑትን ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ሳይቀር ከሕንፃው ጋር አስማምቶ አወጣቸው። መልካቸው የዘመኑን ሥራ የተከተለ ነው፤ መስመራቸው ቀና፥ ጌጣቸው ጥቂት፥ እንጨታቸውም የሚታይ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በተፈረመ ጊዜ የ32 ነጻ መንግሥታት መሪዎችና መልእክተኞች የተሰበሰቡት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን መልክ ለኢትዮጵያ ባዕድ ጌጥ ሆኖ አልቀረም፤ ከአፍሪካ ነጻነት ጋር ተያይዞ ገባ። በአዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ የነደፈውም ይኸው ሜዜዲሚ ነው። አናጢ አይቶ ይማራልና፥ በሚኒስቴር ያየውን ቀጭን እግርና ቀና መስመር ለሳሎን ወንበር አደረገው፤ ከላዩ ፎርማይካ የተለበጠ ጠረጴዛ፥ ተንሸራታች መስተዋት ያለው ብፌ፥ ትራሱ የሚወጣ ባለ እንጨት ክንድ ሶፋ በመካከለኛው ሠራተኛ ቤት ገባ። ሠራተኛውም ወደ ክፍለ ሀገር በተዛወረ ጊዜ ዕቃውን በጭነት መኪና ይዞት ሄደ።

ያ ዕቃ በምን ተሠራ? ብዙው የተሠራው በዋንዛ፥ በዝግባ፥ በጥድ፥ በወይራ ነው። ዋንዛ ለሥራ የሚመች፥ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም፥ መልኩም ደስ የሚያሰኝ እንጨት ነው። ነገር ግን ደናችን እየመነመነ ሄደ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከለከለ። ሕጉ በኋላ በሌሎች አዋጆች ቢተካም ያ ዘመን እንዳለፈ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ በአንድ አሮጌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለ የ1950ዎቹ የዋንዛ ጠረጴዛ፥ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ እንጨት የተከማቸበት ግምጃ ቤት ነው ቢባል አያስነቅፍም።

እንግዲህ ስልኩን እንደ ገና እናንሣ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ቈላው የሚወርድ መንገደኛ ካባውን እያወለቀ ነው የሚደርስባት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት። ይህ ልዩነት ለእንጨት ሥራ ትልቅ ነገር ነው። እንጨት በአየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲስብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ የሚኰማተረውም በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። በደጋ ቶሎ ቶሎ ተሠርቶ በደንብ ሳይደርቅ የመጣ ጠረጴዛ በይፋት ሙቀት ገበታው ይሰነጠቃል፤ ወንዴው በሴቴው ውስጥ እየሟሸሸ ወንበሩ መወዛወዝ ይጀምራል። ሥዕሉ ይህን አይናገርም። ሥዕል የሚያሳየው መልክን ነው፤ የወንበር ዕድሜ ግን የሚወሰነው በመገጣጠሚያው ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጨርሶ እንጨት ያልሆነው ነው። በስልክ ገበያ በዋንዛ ቀለም የሚያበራው ብዙው መሳቢያና ጠረጴዛ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ዱቄት በሙጫ ተጋግሮ፥ በላዩ የእንጨት መልክ የታተመበት ስስ ልባስ የተለጠፈበት ነው፤ ነጋዴው ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ይለዋል። እኔ ይህን ዕቃ በጅምላ የምነቅፍ አይደለሁም። ዋጋው ለብዙ ሰው ይቀምሳል፤ በደረቅ ክፍል በማይነቀሳቀስበት ቦታ ሲቀመጥም ያገለግላል። ነገር ግን ውኃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ብሎኑ አንድ ጊዜ ከለቀቀ ቀዳዳው ሁለተኛ አይይዝም። በየሦስት ዓመቱ ለሚዛወር ሠራተኛ፥ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ በጣርማ በር መንገድ ሲንገጫገጭ ለሚወርድበት ሰው፥ ርካሹ ዕቃ ርካሽ አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ከመግዛት ሁለት ጊዜ መግዛት ይወደዳልና።

ክፍያው ቀላል ሆኗል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በመጀመሩ ገዢው ከሸዋ ሮቢት ሳይነሣ ለአዲስ አበባ ሻጭ ገንዘብ ለመላክ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ዕቃውም ሽንኩርትና ማሾ አድርሶ ወደ ሰሜን በሚመለሰው የጭነት መኪና ሊመጣ ይችላል። በእርግጥ ይህ ገበያ የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተዘጋበት ጊዜ ገዢው ወደ ሠፈሩ አናጢ መመለስ ግድ ሆኖበት ነበር። መንገዱ ያልተከፈተበትንም ቀን የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ችግሩ ገንዘቡ ፈጥኖ መሄዱና ዕቃው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ቀብድ ከተላከ በኋላ ሻጩ ስልኩን ቢዘጋ፥ ወይም በሥዕሉ ዋንዛ የነበረው ሲደርስ ልባስ ሆኖ ቢገኝ ምን ይደረጋል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ላስረከበው ዕቃ ጕድለት ኃላፊ መሆኑን ያዛል፤ ገዢም የተረከበውን ዕቃ ሳይውል ሳያድር እንዲመረምርና ጕድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012ም በስልክና በኮምፒዩተር የሚደረገው ውል ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን ማጥፋት አይገባም። የእንጨቱ ስም፥ ልኩና ዋጋው በድምፅ ከሚነገር በጽሑፍ ቢጠየቅ ይሻላል።

ሥዕሉንም ቢሆን ማዘዝ ይቻላል። ሻጭ ፊቱን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ገዢ ግን ሆዱን ማየት አለበት። ወንበሩ ተገልብጦ፥ መሳቢያው ተስቦ ማዕዘኑ እንዲነሣ ይጠየቅ። በማዕዘኑ ላይ እንደ ጣት የተጠላለፈ የእንጨት ጥርስ ከታየ አናጢው ደክሞበታል ማለት ነው፤ በሽቦ ምስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ ገዢው ልፋቱን ለራሱ ይገዛል። እንጨት በጠርዙ ሲታይ የፊቱ መስመር ዞሮ ይቀጥላል፤ ልባስ ከሆነ ግን መስመሩ በጠርዙ ላይ ይቋረጣል፥ ወይም ሌላ ጥብጣብ ተለጥፎበት ይገኛል። ክብደቱንም መጠየቅ አይከፋም፤ ኤምዲኤፍ በመጠኑ ሲታይ ከብዙ እንጨት ይከብዳልና፥ ከባድ ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ሌላው አማራጭ ደግሞ የተወደደውን ሥዕል ይዞ ወደ አገሩ አናጢ መሄድ ነው። የዚህ ዘመን ወንበር ንድፍ ብዙ ቅርጻ ቅርጽ ስለሌለበት ደኅና አናጢ አይቶ ሊሠራው ይችላል። እንጨቱም በዚያው በቈላው አየር በደንብ የደረቀ ከሆነ በኋላ ብዙ አይኰማተርም። ገዢውም እንደ ጥንቱ የአናጢውን ስም ያውቃል፤ ወንበሩ ቢወዛወዝ ሄዶ ይጠራዋል።

አሁን በተለይ ለእናንተ፥ በመሥሪያ ቤት ላላችሁ አድማጮቻችን፥ የምንነግረው ነገር አለ። የዚያ ዘመን እውነተኛ ዕቃ በስልክ ገበያ ከመፈለጉ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ሊፈለግ ይገባዋል። ብዙ አሮጌ ጽሕፈት ቤት ከኋላው አንድ መጋዘን አለው፤ በመጋዘኑም እግሩ የወለቀ ወንበር፥ መሳቢያው የጠፋ ጠረጴዛ፥ የላሸቀ መደርደሪያ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ይገኛል። በመዝገብ ላይ ዋጋው በእርጅና ቅናሽ አልቋል፤ ስለዚህ ባለ መዝገቡ እንደሌለ ይቈጥረዋል። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሲሰየም የዋንዛውን ጠረጴዛና የዛገውን ቆርቆሮ በአንድ ዝርዝር ያልገለገለ ልዩ ልዩ ዕቃ ብሎ ይመዘግባቸዋል፤ በሐራጅም በጅምላ ይሸጣሉ። ተጫራቹም የሚያሰላው የማገዶውን ዋጋ ነው። በምትኩ የሚገዛው ደግሞ ያው በውኃ የሚያብጠው ነው።

በይፋት ደግሞ ከዚህ የከፋም ሆኗል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ በተቃጠለች ጊዜ፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም.ም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፥ ሰው ከሞተበትና ከተሰደደበት መከራ ጋር ሲነጻጸር የዕቃ ነገር ትንሽ ነው። ነገር ግን ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሚቀመጥበትን ነው። አባት ለልጅ ያስተላለፈው ብፌና አልጋ የጠፋበት ቤተ ሰብ እንደ አዲስ ጎጆ ወጪ ሆኖ ከባዶ ጀምሯል፤ ብዙውም የጀመረው በዚሁ በርካሹ ዕቃ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ከጥፋት ተርፎ በመጋዘን የተቀመጠ አንድ ጤነኛ የእንጨት ጠረጴዛ ከሌላው አገር ይልቅ ዋጋ አለው።

አሮጌ ዕቃ ተጠግኖ ወደ አገልግሎት ሊመለስ እንደሚችል የሚያሳየው ያው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በተሠራ በ50 ዓመቱ አርጅቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል መድቦ ባሳደሰው ጊዜ የ1953ቱ የቤት ዕቃ ይጣልና አዲስ ይገዛ አልተባለም። ወንበሮቹና ጠረጴዛዎቹ ተመርምረው ታደሱ። አዳራሹም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተመረቀ።

ይህን ሥራ ለመሥራት አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት 57 ሚሊዮን ዶላር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ኮሚቴው መጋዘኑን ሲከፍት አንድ አናጢ አብሮ እንዲገባ ማድረግ ነው። አናጢው ጠረጴዛውን ገልብጦ በቢላዋ ጫፍ አንድ ጥግ ይፋቅና የእንጨቱን ስም ይናገር፤ ጸሐፊውም በዝርዝሩ ላይ ያልገለገለ ልዩ ልዩ ዕቃ በማለት ፈንታ ዋንዛ፥ 1 ጠረጴዛ፥ 3 መሳቢያ፥ እግሩ የሚጠገን ብሎ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ጠግኖ መገልገልም ሆነ ለሠራተኛ በተናጠል በሐራጅ መሸጥ ሕጉ እንደሚፈቅደው ይደረጋል።